በጋሮማ ስም የገባ ራስ

ጋሮማ ዋርዮ ሞያሌ ውስጥ፣ በኬንያ በኩል፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ፀጉር አስተካካይ ነው። ይህን የምጽፈው እኔ ጎልቻ ነኝ፤ የእሱን ሱቅና የኔን ጎሚስታ ቤት የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ነው። ጽሑፍ ልማዴ አይደለም። ነገር ግን ስለ ጋሮማ በከተማው ከሚወራው ግማሹ ውሸት ነው፤ ሌላውን ግማሽ ደግሞ ያወራው ራሱ ጋሮማ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መጻፍ አለበት፤ ከኔ በቀር ደግሞ ነገሩን ከሥሩ የሚያውቅ የለም። ለምን እንደማውቀው ኋላ ላይ ይገባችኋል፤ አያስመሰግነኝም።

ጋሮማ በኢትዮጵያ በኩል የመጋ ከተማ ልጅ ነው። በደርግ ጊዜ ነገሌ አካባቢ በአንድ ጦር ሰፈር የምልምል ወታደር ፀጉር ይላጭ ነበር። ጥይት ተኩሶ አያውቅም። «ሦስት ሺህ ጭንቅላት በእጄ አልፏል» ይላል፤ አንዳንዴ አምስት ሺህ ይላል፤ እንደ አድማጩ ነው። መንግሥት ሲወድቅ አንድ ቶንዶዝ፣ ሁለት መቀስና አንድ መስታወት ይዞ ድንበር ተሻገረ። እኔም በዚያው ሳምንት ምንም ሳልይዝ ተሻገርኩ። ዋልዳ የስደተኛ ሰፈር ውስጥ ጎን ለጎን ድንኳን ደረሰን።

ዋልዳ ነፋስና ቅማል ነበር። ጋሮማ ከአንድ ግራር ሥር ተቀምጦ የሕፃናትን ፀጉር ሲላጭ ይውላል። ሕፃናቱ እንዳያለቅሱ ያወራላቸዋል፤ ወሬው ሳያልቅ ፀጉሩ ያልቃል። ከእነዚያ መሐል ሀምዲያ የምትባል የአንድ ልብስ ሰፊ ልጅ ነበረች፤ ዕድሜዋ አሥር ይሆናል። ፀጉሯ አልቆ እሷ አልነሣም አለች፤ ወሬው ገና መሐል ላይ ነበር። ሀምዲያን ልብ በሉልኝ።

አንድ ሌላ ነገርም ልብ በሉልኝ። ዋልዳ ስንዴ ሲታደል ስም ይጠራል። ስሙ ሲጠራ ያልተገኘ ሰው እስከሚቀጥለው እደላ አሥራ አምስት ቀን የጎረቤት እጅ ያያል። ስለዚህ አሥር ሰዎች ተስማማን፦ የማንም ስም ይጠራ፣ ቅርብ ያለው «አቤት» ብሎ ይነሣል፣ ካርዱን ያሳያል፣ ይቀበላል። አዳዩ የሚያየው ካርድ ነው እንጂ ፊት አይደለም። እኔ ጋሮማን፣ ሟች አጎቴን፣ አንድ ጊዜም አንዲት ነፍሰ ጡር ሆኜ ስንዴ ተቀብያለሁ። ስንዴው የሁሉም አንድ ዓይነት ነው።

መዝጋቢውም ቢሆን ለጥቃቅን ነገር የሚጨነቅ ሰው አልነበረም። የልደት ቀኑን የማያውቀውን ሁሉ «ጥር አንድ» ብሎ ጻፈው፤ የፈረንጅ ጥር ነው። ዓመቱን በዓይኑ መዘነ። እኔና ጋሮማ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ እስክሪብቶ ተወለድን። ልደታችንን አክብረን አናውቅም።

ሰፈሩ ሲዘጋ ሌሎቹ በመኪና ተጭነው ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ። እኛ ሞያሌ ቀረን። ጋሮማ ጃለቱን አገባ፤ ጨዋ ሴት ናት፤ ቃል አታበዛም፤ ማብዣ ቦታም አላገኘችም። በቆርቆሮ ላይ «ጋሮማ ኪንዮዚ» ብሎ አጻፈ፤ ኪንዮዚ በስዋሂሊ ፀጉር አስተካካይ ነው። እኔ ጎማ መለጠፍ ጀመርኩ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ቸርኬ ከጎማው ተፈናጥሮ ማጅራቴን መታኝና ከጭንቅላቴ ጀርባ አውራ ጣት የሚያስገባ ጎድጓዳ ቀረ። ጋሮማ ሲላጨኝ ምላጩን እዚያ ላይ ያዘገየዋል። «ጎድጓዳህ ደህና ናት?» ይለኛል። ደህና ናት እለዋለሁ።

ያን ዘመን የእሱን ሱቅ ያላየ ሞያሌን አላየም። የትኛው መኪና ቦሪ ላይ ጭቃ እንደያዘው፣ ጎዶማ ላይ የማን ግመል የማንን ማሳ እንደገባ፣ የትኛው ፖሊስ እንደተቀየረ፣ ሁሉ እዚያ ይሰማል። አፍ ዳገት አይፈራም ይባላል፤ የጋሮማ አፍ ቁልቁለትም አይፈራም። እጁ ግን ከአፉ ይበልጥ ነበር። ምላጩ ሲያልፍ አይሰማህም፤ ቀና ስትል ተላጭተሃል።

በ2004 በፈረንጆች አቆጣጠር ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጭኑ ላይ ሲያሳርፈው ደህና ነው፤ ብርጭቆ ሲያነሣ ሻዩ ይፈሳል። መጀመሪያ ምላጩን ተወ። በቶንዶዝ ብቻ ሠራ፤ ቶንዶዝ በራሱ ስለሚንቀጠቀጥ አንድ ዓመት ያህል ማንም ልብ አላለም። ከዚያ የአንድ ርእሰ መምህር ራስ ላይ ከግንባር እስከ ማጅራት መንገድ አወጣ። ርእሰ መምህሩ ሦስት ሳምንት በኮፍያ አስተማረ።

ደንበኞቹ አልጠሉትም። የባሰ ነገር አደረጉ፤ ፀጉራቸውን ሌላ ቦታ ተቆርጠው ለወሬ እሱ ጋ ይመጡ ጀመር። አግዳሚው ሙሉ፣ ወንበሩ ባዶ። ጋሮማ የሌላ ሰው እጅ ያስተካከለውን ፀጉራቸውን እያየ ያወራላቸው ነበር። ይህ አናደደኝ፤ አሁንም ያናድደኛል። ወንበሩ ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ግራ ጆሮዬ ላይ ሁለት ምልክት አለ። ጀግንነት አይደለም። ሌላ ቦታ ብሄድ በቆርቆሮው ቀዳዳ ያየኛል።

መድኃኒት ሞከረ። ማርሳቢት ያለ ሐኪም ክኒን ሰጠውና ሁለት ሳምንት ተኛ፤ እጁም አብሮ ተኛ፤ ሲነቃ እጁም ነቃ። ጸበልም ዱዓም አልቀረውም። አንድ ቀን ባዶው ወንበር ላይ ራሱ ተቀምጦ አገኘሁት። «ጎልቻ፣ ወሬ ማንም ያወራል» አለኝ። «እኔ አንድ ሰው ልላጭ ነው የምፈልገው፤ አንድ ሰው፣ በምላጭ፣ ጉሮሮውን አምኖ የሚሰጠኝ።» ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። እኔ ወጥቼ ጎማ ነፋሁ።

በ2009 የጋሮማን እጅ ነገር ሰምታ ሀምዲያ ደወለች። ከዋልዳ በኋላ ናይሮቢ ተምራ፣ በነጻ ትምህርት ጀርመን ገብታ፣ የሰው ጭንቅላት በኮምፒውተር የምታሰላ ሆናለች። ነገሩን በስልክ ስታስረዳን ጋሮማ ዝም ብሎ ሰማ፤ ከዚያ በፊት ሲሰማ አይቼው አላውቅም። የእጅ መንቀጥቀጥ የሚመጣው ከእጅ አይደለም አለች፤ ጭንቅላት ውስጥ ጥልቅ ቦታ ላይ ምቱን የሳተ ትንሽ ነገር አለ። ሐኪሞች እዚያ ድረስ ቀጭን ሽቦ ያስገባሉ፤ ደረት ላይ ባትሪ ይቀብራሉ፤ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይለቃሉ፤ እጅ ይረጋል።

«የሽቦው ጫፍ የት ይቁም፣ ኤሌክትሪኩስ ምን ያህል ይሁን የሚለው ነው ከባዱ» አለች። «እኔ የሰውየውን ራስ ከምስል ላይ ኮምፒውተር ውስጥ እሠራዋለሁ። አጥንቱ፣ ውሃው፣ ነጩ፣ ግራጫው ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉት በተለያየ ልክ ነው። እዚያ ውስጥ እለቀውና የት የት እንደሚደርስ አያለሁ። ጋሼ ጎልቻ፣ እርስዎ ጎማ ከመለጠፍዎ በፊት በርሜል ውስጥ ነክረው ቀዳዳውን ያዩ የለ?»

«አያለሁ» አልኩ።

«እኔም የሰው ራስ ከመበሳቱ በፊት እነክረዋለሁ።»

ለጥናት ስድስት ሰዎች ይፈለጋሉ፤ ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች ናይሮቢ ላይ ሽቦውን በነጻ ያስገቡላቸዋል። አንዱን የመጠቆም ዕድል ለሀምዲያ ደርሷት ነበር፤ ያን ያላለቀ ወሬ አልረሳችውም። እያንዳንዱ ታማሚ ደግሞ በዕድሜ የሚመሳሰለውን አንድ ጤነኛ ሰው ለማወዳደሪያ ይዞ ይምጣ ተባለ። በወረቀት እኔን የሚያህል መንትያ ጋሮማ የለውም። ቦሎቄ በጫነ መኪና ላይ ወጥተን በሦስተኛው ቀን ናይሮቢ ገባን። በየኬላው መታወቂያ ሲጠየቅ ጋሮማ ፖሊሶቹን በወሬ አሳለፋቸው።

ሆስፒታሉ የራስ ምስል የሚያነሣው ትልቅ ማሽን ያለበት ነው። መጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ አርባ ሰው ይኖራል። ጋሮማ ከማርሳቢት የመጣ አንድ ሽማግሌ አግኝቶ ውጭ በሩ ላይ ወሬ ይዟል። ነርሷ ወጥታ «ጋሮማ! ጋሮማ ዋርዮ!» አለች። ዞር ብዬ አየሁ፤ የለም። «ምዜ ጋሮማ!» አለች ለሦስተኛ ጊዜ፤ ምዜ በስዋሂሊ ሽማግሌው እንደማለት ነው። እስክሪብቶዋን ወደ ወረቀቱ ስታስጠጋ አየሁ። ያን የእስክሪብቶ አካሄድ ከዋልዳ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ተነሥቼ «አቤት» አልኩ።

ራሴ ውስጥ ብረት እንዳለ ጠየቀችኝ። መቶኝ ሄደ እንጂ አልቀረም አልኳት። ማሽኑ ውስጥ አርባ ደቂቃ ተኛሁ፤ ድምፁ ዘይት የጨረሰ ሞተር ነው። ስወጣ ጋሮማ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። «ስምህ ሲጠራ ገባሁልህ» አልኩት። «ደግ አደረግህ፤ ተራችን ሊያልፍ ነበር» አለኝ። ቆየት ብሎ «ጎልቻ!» ተብሎ ተጠራ፤ እሱ ገባ። ሁለት ስም ተጠራ፣ ሁለት ራስ ገባ። በኛ ቤት ምንም የጎደለ አልነበረም።

ሀምዲያ የምትልከውን ኢሜይል ዓርብ ዓርብ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ የማነብለት እኔ ነበርኩ፤ ጋሮማ ማውሱን ሲይዘው ቀስቷ አትያዝም። ከአራት ወር በኋላ እንዲህ የሚል መጣ፦ «ጋሼ ጋሮማ፣ ራስዎን ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ በጣም የሚመች ራስ ነው። እጅዎን የሚያረጋጋው ቦታና ሌላውን የሚያበላሸው ቦታ የሚራራቁት ሁለት ሚሊሜትር ነው። ይህች ሁለት ሚሊሜትር ከሰው ሰው ስለምትለያይ የአንዱ ካርታ ለሌላው አይሆንም። ሐኪሞቹ የሚሄዱት በዚህ ካርታ ነው። የአንድ ሌላ ታማሚ ስምና ምስል ሳይገጥም ስለቀረ ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ የእርስዎን ወረቀት ግን እኔ አይቼዋለሁ፣ አያስቡ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ራሴ መጥቼ አስፈርምዎታለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ሚሊሜትር የተበላ ጎማ ጥርስ ናት። ያ የሚመች ራስ የኔ ነው።

ጋሮማ ጋ ሄጄ «ሀምዲያ ራስህን ሠርታ ጨርሳለች፤ የሚመች ነው ብላለች፤ ልትመጣ ነው» አልኩት። ሌላውን አላነበብኩለትም። ወደ አግዳሚው ዞሮ የሚመች ራስ እንዳለው ለሁሉም ነገራቸው። የዚያኑ ቀን ምላጩን ከሣጥን አውጥቶ በቆዳው ላይ ሳለው፤ በግራ እጁ።

ብናገር ስሙና ምስሉ አልገጠመም ተብሎ ይወጣል፤ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ዝም ብል በኔ ካርታ የእሱ ራስ ይበሳል። ማታ ማታ እናገራለሁ እላለሁ፤ ጠዋት ምላጭ ሲስል አገኘዋለሁ፤ ጎማ እነፋለሁ። ሐኪሞች ናቸው፣ ራሳቸው ይደርሱበታል እላለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። የኔው ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ነቀዘ፤ እንቅልፍ አጣሁ፣ ምግብ ጠላሁ፣ ለአንድ ሹፌር የኋላውን ጎማ ከፊት አሰርኩለት። ፈሪ ነበርኩ። በሌላ ስም ልጠራው አልችልም።

ሀምዲያ ላፕቶፕ ይዛ ማክሰኞ መጣች። ረጅም ሴት ሆናለች፤ ፀጉሯ በሻሽ ተሸፍኗል። ጋሮማን ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከላትና «ቅማሉ ጠፋ?» አላት። አግዳሚው ሞልቷል፤ ጃለቱ በሩ ላይ ቆማለች። ላፕቶፑን ባዶው ወንበር ላይ አስቀምጣ ከፈተችው።

ግራጫ ራስ ወጣ። ፀጉር የለውም፣ ዓይኑ ጨፍኗል። ቀስ ብሎ ይዞራል። እሷ አንድ ነገር ስትነካ ቆዳው ተነሣ፣ አጥንቱ ተነሣ፣ የተጠቀለለው ነገር ወጣ፤ ከላይ አንድ ቀጭን መስመር ወረደ፤ ጫፉ ላይ እንደ ሽምብራ ያለ ቀይ ነገር በራ። «ኤሌክትሪኩ የሚደርሰው እዚህ ድረስ ነው» አለች። «እጅዎን ይነካል፣ ሌላ ምንም አይነካም።» አግዳሚው አጨበጨበ።

ጋሮማ አላጨበጨበም። «ልጄ፣ ቆዳውን መልሺው» አለ። መለሰችው። «አዙሪው። በጀርባው።»

ራሱ ዞረ። ጋሮማ ጎንበስ ብሎ የሚንቀጠቀጥ ጣቱን የላፕቶፑ መስታወት ላይ አሳረፈ። ከዚያ ቀና አለና በአግዳሚው ጫፍ ወደተቀመጥኩት ወደ እኔ መጣ፣ ኮፍያዬን አነሣ፣ አውራ ጣቱን ማጅራቴ ላይ ከተተ።

«ይሄ የኔ ራስ አይደለም» አለ። «ይሄ ጎልቻ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ላጭቼዋለሁ።»

ራሴ ወንበሩ ላይ ይዞራል። ከዚያ በፊት በጀርባው አይቼው አላውቅም ነበር።

«ጋሼ ጎልቻ?» አለች ሀምዲያ።

የእስክሪብቶውን ነገር፣ የአቤቱን ነገር ነገርኳት። እሷም የዋልዳ ልጅ ናት፤ ሁለተኛ ማስረዳት አላስፈለገኝም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «ሁለታችሁም ጥር አንድ» አለች ለራሷ። «ሁለታችሁም አንድ ዓመት።» ከዚያ ቀና ብላ «የአንዱ ለሌላው አይሆንም ብዬ ጽፌ ነበር እኮ። አላሰቡትም?» አለችኝ።

«አሁን ነው ትዝ ያለኝ» አልኩ።

ጋሮማ አየኝ። «የጻፍሽውን እስቲ ንገሪኝ» አላት። ነገረችው፤ ሁለት ሚሊሜትሩን፣ ከዝርዝር የወጣውን ሰው፣ ሁሉንም። ሰምቶ ሲጨርስ «በዚህ ካርታ ቢወጉኝ ምን እሆን ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

«ደም ሥር ሊመቱ ይችሉ ነበር። በዕለቱ እንደገና ምስል ያነሣሉ፤ ምናልባት ይደርሱበት ነበር።»

«ምናልባት» አለ ጋሮማ። ኮፍያዬን መለሰልኝ።

ሀምዲያ ጀርመን ላለው ፕሮፌሰሯ ደወለች። ውጭ ወጥታ ረጅም ሰዓት አወራች፤ በቋንቋው አልገባንም፣ በፊቷ ግን ገባን። ተመልሳ «እስከ ሐሙስ ድረስ በትክክለኛው ራስ ከሠራሁና ስህተቱን ጽፌ ከፈረምኩበት ቦታው አይወሰድም» አለች። የጋሮማ ራስ በኔ ስም ላፕቶፑ ውስጥ ነበር። ስሌቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የላፕቶፑ ባትሪ አርጅቷል፤ ከሶኬት ከተነቀለ ይጠፋል፤ ከጠፋ ከመጀመሪያው ነው። የሞያሌን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ጄነሬተር ያለው እኔ ጋ ነው። ረቡዕ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አስነሣሁት። ጎማ የምነፋበት ኮምፕሬሰር ሲነሣ ኃይሉ ስለሚወርድ ገመዱን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ሦስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ሹፌር መጣ።

«ኮምፕሬሰሩ ተበላሸ?»

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ?»

«ጭንቅላት እየተሠራ ነው።»

«የማን?»

«የጎረቤቴ።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«አሥራ አንድ።»

«የኔ ጎማ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

እኩለ ቀን ላይ ዘጠኝ መኪና ተሰልፎ ነበር። አንደኛው ሽንኩርት ጭኗል፤ ሽታው ይመሰክራል። ሊደበድቡኝ ነበር፤ አልፈረድኩባቸውም። ያኔ ጋሮማ ወጥቶ በመኪኖቹ ጥላ ሥር በርጩማ አስቀመጠና ጀመረ። ከነገሌ ጀመረ፤ በምልምሎቹ ራስ አድርጎ ዋልዳ ገባ፤ ከዋልዳ ናይሮቢ፤ ማሽኑ ውስጥ ሆኖ ያሰበውን ሳይቀር። ሹፌሮቹ መጀመሪያ ቆመው ሰሙ፣ ከዚያ ተቀመጡ፣ ከዚያ ረዳቶቻቸውን ሻይ ላኩ። ከሱቃቸው የወጡ ሰዎች ተጨመሩ። ሳቁ እስከ መናኸሪያው ይሰማ ነበር። እንዲያ ሲያወራ ከዚያ በፊት አልሰማሁም፤ ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። እኔ ጄነሬተሩን ቤንዚን እየሞላሁ በጀርባው በኩል ሰማሁት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሀምዲያ ጠራችን። ፊቷ ጥሩ አልነበረም።

«ሽቦው የሚገባበት መንገድ አለ» አለች። «እጅዎ ይረጋል። ነገር ግን ይዩ።» ቀዩ ሽምብራ ላይ ጎኑን የሚነካ ቢጫ ጅማት አሳየችው። «ይህ የምላስዎ መንገድ ነው። በእርስዎ ራስ ከሌላው ሰው ይልቅ ቀርቧል። እጁ እስኪረጋ ኤሌክትሪኩን ስለቅ ይሄንን ይነካዋል፤ ንግግርዎ ይከብዳል፣ ይወፍራል። ሳሳንሰው ምላሱ ይተርፋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ቀኑን ሙሉ ቦታ ቀያይሬ ሞክሬዋለሁ።»

«በጎልቻ ራስ ቢሆንስ?»

«በእሳቸው ሁለቱም ይተርፍ ነበር።»

«የእሱ እጅ አይንቀጠቀጥም» አለ ጋሮማ።

ባትሪው በእጅ መሣሪያ እንደሚጠፋና እንደሚበራ ነገረችው። ሲጠፋ ምላሱ ይፈታል፣ የእጁ መንቀጥቀጥ ይነሣል፤ ሲበራ እጁ ይረጋል፣ ምላሱ ይከብዳል። ሁለቱን አንድ ላይ አያገኝም። ጋሮማ በሩን አልፎ ጥላው ሥር ገና የሚስቁትን ሹፌሮች አየ። ከዚያ ወደ ጃለቱ ዞረ።

«አሥራ አምስት ዓመት ሰምቼዋለሁ» አለች ጃለቱ ለሀምዲያ። «እጁን አድርጉለት።» ይህን ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ጋሮማ ፈረመ። ፊርማው የማንም ፊርማ አይመስልም፤ ሀምዲያ ከጎኑ ስሙን ጻፈችበት። እኔ ኮምፕሬሰሩን ሰካሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ራሱ ላይ ስፌት፣ ደረቱ ላይ የክብሪት ቤት የሚያህል እብጠት ይዞ ተመለሰ። በመጀመሪያው ቀን ሻይ ቀድቶ ብርጭቆውን ሙሉ አድርጎ አነሣ፤ ጠብ አላለም። በመጀመሪያው ሳምንት ርእሰ መምህሩ መጣና ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ። ምላጩ ሲያልፍ አይሰማም ነበር አለ። አሁን ወንበሩ ተራ አለው።

አግዳሚው ግን ዝም ብሏል። ጋሮማ ሲናገር ትኩስ ነገር የጎረሰ ሰው ይመስላል፤ ወሬ አሳምሮ ካላወራው ባያወራው ይመርጣል። አንዳንድ ቅዳሜ ሥራ ሲጨርስ መሣሪያውን ከኪሱ አውጥቶ ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ እጁ ይነሣል፣ ጥቂት ያወራል፣ መልሶ ያበራዋል። በሥራ ሰዓት አድርጎት አያውቅም። ከኔ ጋር ሰላምታ አላቋረጠም፤ ዓርብ ዓርብ ይላጨኛል፤ «ጎድጓዳህ» ብሎ ግን አልጠየቀኝም። ምላሱ ከብዶት ነው እያልኩ እራሴን አታለልኩ።

ባለፈው ወር አንድ ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንበሩ ላይ ነበርኩ። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ሳሙናውን ቀባኝ፤ ግራ ጉንጬን ጨረሰ። ምላጩን በፎጣው ላይ አስቀመጠ። መሣሪያውን ከኪሱ አውጥቶ ደረቱ ላይ አደረገ። በመስታወቱ ውስጥ ቀኝ እጁን አየሁት፤ መጀመሪያ ጣቶቹ፣ ከዚያ አንጓው ተነሣ።

«ጎልቻ» አለ። ድምፁ የድሮው ነበር።

«አቤት።»

«ሦስት ሳምንት አውቀህ ዝም አልክ።»

ለዚህ ቀን ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ ዝርዝሩ፣ ቦታው፣ የሌላው ታማሚ ነገር። መሣሪያውን የያዘው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ይጠብቃል።

«አዎ» አልኩ። «ዝም አልኩ።»

መሣሪያውን መልሶ ደረቱ ላይ አደረገ። አንጓው ረጋ፣ ጣቶቹ ረጉ። ምላጩን አነሣ። ያልተላጨው ቀኝ ጉንጬና ጉሮሮዬ ነበር። አገጬን ቀና አደረግሁለት።